ዘይት እንዴት ይደርቃል? የወጥ ቤት የእንጨት ጠረጴዛን በዘይት የመቀባት ሳይንስ

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለው ተረት የተልባን አቅመ ቢስነት የሚናገር ነው። ኬሚስት ግን በዚህ ፍርድ አይስማማም። ከዚህች ትንሽ ፍሬ የሚጨመቀው ዘይት በስሱ ተቀብቶ ለአየር ሲጋለጥ ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ይለወጣል። የሠዓሊያንን ቀለም ለብዙ መቶ ዓመታት ከሸራው ጋር አጣብቆ ያኖራል፤ እንጨትን ከውኃ ይጠብቃል። በአንድ ጥግ ተከምሮ በተረሳ እራፊ ጨርቅ ላይ ሲሆን ደግሞ ያለ ክብሪት እሳት ያስነሣል። እነዚህ ሁሉ የተለያዩ የሚመስሉ ድርጊቶች የአንድ ኬሚካዊ ለውጥ ውጤቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ለውጥ የምንመለከተው በአንድ ቀላል በሚመስል ጥያቄ አማካይነት ነው፦ ምግብ የሚዘጋጅበትን የእንጨት ጠረጴዛ በምን ዘይት፣ እንዴት አድርገን እንቀባው?

ጽሑፉን እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የራሳችን ስሕተት ነው። በአንድ የክረምት ወር ከዋንዛ የተሠራ አዲስ የወጥ ቤት ጠረጴዛ የተልባ ዘይት ልንቀባ ተነሣን። «ዘይቱ በበዛ መጠን ጥበቃው ይጠነክራል» ብለን በማሰብ አወፍረን ቀባነው፤ በማግሥቱም ደገምነው። ሦስት ሳምንት ቢያልፍም ጠረጴዛው እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። ዱቄት ሲፈስበት ዱቄቱን ይይዛል፤ አቧራ ሲያርፍበት አቧራውን ያስቀራል። በመጨረሻ ሁሉንም ፍቀን እንደገና ለመጀመር ተገደድን። ስሕተታችን ከእጅ ሥራ ጉድለት የመጣ አልነበረም። «መድረቅ» የሚለውን ቃል በተሳሳተ መንገድ መረዳታችን ነበር።

እንጨትና ውኃ

በአውሮፓ አገሮች ከቢች ወይም ከኦክ እንጨት የሚሠሩ የወጥ ቤት ጠረጴዛዎች የተለመዱ ናቸው። በእኛ አገር በአዳዲስ ቤቶች ወጥ ቤት እብነ በረድና ግራናይት ይዘወተራሉ። ይሁንና የእንጨት ጠረጴዛ፣ መክተፊያ፣ ማማሰያና ገበታ ከየቤቱ አልጠፉም። ለሁሉም የሚሠራው ሳይንስ አንድ ነው።

እንጨት ከሞተም በኋላ ከውኃ ጋር ያለውን ግንኙነት አያቋርጥም። የሕዋሶቹ ግድግዳ ውኃን የሚስቡ ሴሉሎስና መሰል ሞለኪውሎች ስላሉት አየሩ ሲረጥብ እርጥበት ይወስዳል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይመልሳል። እርጥበት ሲገባ ግድግዳው ያብጣል፣ ሲወጣ ይኮማተራል። ይህ ለውጥ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በእንጨቱ ርዝመት በኩል እጅግ አነስተኛ ነው፤ በስፋቱ በኩል ግን ጎልቶ ይታያል። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኖረው መስፋት ከግንዱ መሐል ወደ ውጭ ከሚኖረው መስፋት በብዙ እንጨቶች ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል።

ይህን በቁጥር እንየው። የአውሮፓ ቢች እንጨት እርጥበቱ በአንድ በመቶ በተለወጠ ቁጥር ስፋቱ በአማካይ 0.3 በመቶ ያህል ይለወጣል። ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ ጠረጴዛ ከበጋ እስከ ክረምት እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢለወጥ 600 × 0.003 × 4 = 7.2 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል ማለት ነው። ጠረጴዛው ከሥሩ ካለው ሣጥን ጋር በጠባብ ቀዳዳ በጥብቅ ብሎን ከታሰረ ይህን ያህል እንቅስቃሴ መሄጃ ያጣል፤ ሰንጥቆም ይወጣል። ስለዚህ ብልህ አናጢ የብሎኑን ቀዳዳ ሞላላ አድርጎ ይተወዋል።

እዚህ ላይ ከመነሻው መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የትኛውም ዘይት ይህን እንቅስቃሴ ፈጽሞ አያስቀርም። ዘይት የሚያደርገው የፈሰሰ ውኃ በፍጥነት እንዳይሰርግ መከልከልና የእርጥበቱን መግባትና መውጣት ማዘግየት ነው። ለውጡ ሲዘገይ እንጨቱ በአንድ ፊት ብቻ በድንገት አያብጥም፤ በመሆኑም የመጣመምና የመሰንጠቅ አደጋው ይቀንሳል።

ዘይት «ሲደርቅ» ምን ይሆናል?

የታጠበ ልብስ ሲደርቅ ውኃው ተንኖ ይሄዳል። በውኃ የተበጠበጠ ቀለምም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን ዘይትም በዚሁ መንገድ የሚደርቅ ይመስለናል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ክብደቱ ይጨምራል። በስሱ የተቀባ የተልባ ዘይት ደርቆ ሲመዘን መጀመሪያ ከነበረው ክብደት ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ ሊገኝ ይችላል። የጨመረው ክብደት ከአየር የተወሰደ ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ዘይት «ይደርቃል» ከማለት ይልቅ «ኦክስጅን ወስዶ ይጠጥራል» ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የአትክልት ዘይት ሞለኪውል በአንድ ግሊሰሮል ላይ የተያያዙ ሦስት ፋቲ አሲዶች አሉት። በምግብ ዘይቶች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ባለ 18 ካርቦን ሰንሰለቶች ናቸው። ልዩነታቸው በድርብ ቦንዶች ቁጥር ላይ ነው፤ ኦሌይክ አሲድ አንድ፣ ሊኖሌይክ አሲድ ሁለት፣ ሊኖሌኒክ አሲድ ሦስት ድርብ ቦንዶች አሏቸው።

ለውጡ የሚጀምረው በሁለት ድርብ ቦንዶች መካከል ባለው ካርቦን ላይ ነው። እዚያ ያለው ሃይድሮጅን ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይነቀላል። ሃይድሮጅኑ ሲነቀል ነጻ ራዲካል ይቀራል፤ ራዲካሉ ከአየር ኦክስጅን ይይዛል። ኦክስጅን የያዘው ራዲካል በተራው ከጎረቤቱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ነጥቆ ሃይድሮፐሮክሳይድ ይሆናል፤ የተነጠቀው ጎረቤትም አዲስ ራዲካል ይሆንና ሂደቱ ይቀጥላል። ሃይድሮፐሮክሳይዶቹ ቀስ በቀስ ሲፈርሱ ተጨማሪ ራዲካሎች ይፈጠራሉ። እነዚህም እርስ በርሳቸው እየተያያዙ አንዱን የዘይት ሞለኪውል ከሌላው ጋር በካርቦንና በኦክስጅን ድልድይ ያገናኛሉ። በመጨረሻ ብዙ ሞለኪውሎች ተጠላልፈው አንድ መረብ ይሆናሉ። ይህ መረብ ፖሊመር ነው፤ ወደ ፈሳሽነቱም አይመለስም።

ከዚህ ማብራሪያ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ አንድ ድርብ ቦንድ ብቻ ያለው ኦሌይክ አሲድ ያ በቀላሉ የሚነቀል ሃይድሮጅን ስለሌለው በጣም ይዘገያል። ሊኖሌይክ አሲድ ከኦሌይክ ከ10 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ኦክስጅን ይይዛል፤ ሊኖሌኒክ ደግሞ ከሊኖሌይክ ሁለት እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ሁለተኛ፣ ለውጡ ያለ ኦክስጅን ሊካሄድ አይችልም። ኦክስጅን የሚገባው ደግሞ ከላይ ብቻ ነው። ዘይቱ ወፍሮ ከተቀባ የላይኛው ገጽ ቀድሞ ይጠጥርና እንደ ክዳን ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ፈሳሽ አየር ያጣል። ከላይ የተረክነው የእኛ ጠረጴዛ የደረሰበት ይህ ነው። ክረምት መሆኑም አባብሶታል፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ለውጡ ይዘገያልና።

እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያስተዋለው ይህንኑ ክዳን ነበር። ክፍት በቀረ የቀለም ጣሳ ላይ ከተልባ ዘይት የተፈጠረ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ቆዳ አየ። በዚህ መነሻነት የተልባ ዘይትን በኦክስጅን አጠጥሮ ከቡሽ ዱቄት ጋር በመቀላቀል የወለል ምንጣፍ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1863 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ ምርት ሊኖሊየም ይባላል። ስሙም ከላቲን የተልባና የዘይት ስሞች የተገኘ ነው።

እናቶቻችንም ተመሳሳይ ለውጥ በቤታቸው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አዲስ የሸክላ ምጣድ ሲሟሽ በጋለው ምጣድ ላይ የተወቀጠ ጎመን ዘር ወይም ሌላ የቅባት እህል ደጋግሞ ይታሻል። ምጣዱ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ እንጀራም አያጣብቅም። የቅባቱ ሞለኪውሎች በሙቀትና በኦክስጅን ተያይዘው የሸክላውን ቀዳዳዎች ስለሞሉ ነው። በእንጨት ላይ ተመሳሳይ ሥራ የሚከናወነው ያለ እሳት ነው፤ ስለዚህም በደቂቃዎች ፋንታ ቀናትና ሳምንታት ይፈጃል።

የትኛው ዘይት?

የዘይትን የመጠጠር ችሎታ ለመገመት ኬሚስቶች የአዮዲን ቁጥር የሚባል መለኪያ ይጠቀማሉ። አዮዲን ከድርብ ቦንዶች ጋር ይያያዛል። ስለዚህ 100 ግራም ዘይት የሚይዘው አዮዲን በግራም ሲለካ የድርብ ቦንዶቹን ብዛት ያመለክታል። የአንዳንድ ዘይቶች ቁጥር በግምት የሚከተለው ነው፦

የተልባ ዘይት፦ ከ170 እስከ 200
የተንግ ዘይት፦ ከ160 እስከ 175
የዋልነት ዘይት፦ ከ132 እስከ 162
የኑግ ዘይት፦ 130 ገደማ
የሱፍ አበባ ዘይት፦ ከ118 እስከ 141
የሰሊጥ ዘይት፦ ከ104 እስከ 120
የወይራ ዘይት፦ ከ75 እስከ 94
የፓልም ዘይት (በተለምዶ «የሚረጋ ዘይት»)፦ ከ50 እስከ 55
የኮኮናት ዘይት፦ ከ6 እስከ 11

የመደቦቹ ወሰን ከመጽሐፍ መጽሐፍ በመጠኑ ቢለያይም ከ130 ወይም ከ140 በላይ ያሉት ደራቂ፣ ከ115 በታች ያሉት የማይደርቁ፣ በመካከል ያሉት ከፊል ደራቂ ይባላሉ። አሁን ዘይቶቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

የተልባ ዘይት ከፋቲ አሲዶቹ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሊኖሌኒክ ስለሆነ በደንብ ይጠጥራል። ወደ እንጨቱ ጠልቆ ይገባል፣ መልኩንም ያሞቀዋል። ጉድለቱ መዘግየቱና በጊዜ ብዛት፣ በተለይም በጨለማ ቦታ፣ ወደ ቢጫነት ማዘንበሉ ነው። ጥሬው ዘይት ለአንድ ቅብ ብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። በቀለም መሸጫ ሱቆች «የተፈላ» በሚል ስም የሚቀርበው ግን ባብዛኛው የተፈላ አይደለም፤ የሃይድሮፐሮክሳይዶችን መፍረስ የሚያፋጥኑ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ የብረት ጨዎች የተጨመሩበት ነው። በአንድ ቀን ያህል ይይዛል። ቀደም ባለው ዘመን ለዚሁ ሥራ መርዛማው እርሳስም ይጨመር ነበር። ስለዚህ ምግብ ለሚነካ ገጽ የሚመረጠው ያልተጨመረበት ንጹሕ የተልባ ዘይት ወይም አምራቹ ለምግብ ንክኪ ተስማሚ መሆኑን በጽሑፍ የገለጸበት ዘይት ነው።

የተንግ ዘይት የቻይና ተወላጅ ከሆነ ዛፍ ፍሬ ይጨመቃል። በሰንጠረዡ ከተልባ በታች ቢቀመጥም ከተልባ ፈጥኖ ይጠጥራል። ይህ ለተማሪ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ከፋቲ አሲዶቹ 80 በመቶ ያህሉ ኤሊዮስቴሪክ አሲድ ሲሆን ሦስቱ ድርብ ቦንዶቹ እየተፈራረቁ ተከታትለው የተሰለፉ ናቸው። እንዲህ የተሰለፉ ቦንዶች አዮዲንን ሙሉ በሙሉ አይይዙም፤ ቁጥሩም ከእውነተኛው ያንሳል። አንድ መለኪያ የሚናገረው የለካውን ብቻ ነው። የተንግ ዘይት ውኃን በመቋቋም ከተልባ ይበልጣል፤ ፍሬው ግን መርዛማ ስለሆነ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠጥር ምግብ ሊነካው አይገባም።

የዋልነት ዘይት ከተልባ ያነሰ ቢጫ ይሆናል፤ የሚበላም ነው። ይሁን እንጂ ለዋልነት አለርጂ ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ባይቀባ ይመረጣል።

የኑግ ዘይት የሚገኝበት ተክል መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከፋቲ አሲዶቹ 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ ስለሆነ ባለ ሁለት ድርብ ቦንዶች በብዛት አሉት፤ ባለ ሦስት ግን ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ይጠጥራል፤ ነገር ግን ከተልባ ይዘገያል፣ ሽፋኑም ይለሰልሳል። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ቢባልም በእንጨት ላይ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ሰሊጥ ከኑግም ይዘገያል። በአገር ውስጥ ከሚገኙት ለጠረጴዛ አስቀድመን የምንመክረው ተልባን ነው።

የወይራ፣ የፓልምና የኮኮናት ዘይቶች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በእንጨቱ ውስጥ ፈሳሽ ሆነው ወይም ረግተው ይቀራሉ፤ ውኃና ሳሙና ያጥባቸዋል፣ አቧራ ይይዛሉ፣ ቀስ በቀስም ይኮመጥጣሉ።

ፈሳሽ ፓራፊን የተለየ ነው። ከፔትሮሊየም የሚጣራ ሲሆን ድርብ ቦንድ ስለሌለው አይጠጥርም፣ አይኮመጥጥምም። ለመድኃኒትነት የሚሸጠው የጠራ ዓይነት ለመክተፊያ ተስማሚ ነው፤ ቢላ የሚፍቀውን ገጽ ደጋግሞ ማደስ ቀላል ነውና። ለጠረጴዛ ግን ቶሎ ቶሎ መታጠቡ ያደክማል። ንብ ሰም ቢጨመርበት የውኃ መከላከል ችሎታው ይሻሻላል፤ ሰሙ በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሚቀልጥ ግን ከምድጃ የወረደ ድስት ምልክት ይተውበታል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለአጥርና ለምሰሶ እንጂ ምግብ ለሚነካ እንጨት ፈጽሞ አይውልም።

በውጭ አገር ገበያ «የዴንማርክ ዘይት» ወይም «የቲክ ዘይት» የሚባሉም አሉ። እነዚህ የንግድ ስሞች እንጂ የተወሰነ ቀመር ስሞች አይደሉም፤ ብዙውን ጊዜ የደራቂ ዘይት፣ የቫርኒሽና የማቅጠኛ ድብልቅ ናቸው። ገዢው ማንበብ ያለበት ስሙን ሳይሆን በጣሳው ላይ የተዘረዘረውን ይዘት ነው።

አቀባቡ

እስካሁን ያየነውን ከተረዳን የአቀባቡ ሥርዓት በቃል የሚያዝ ሕግ ሳይሆን ከኬሚስትሪው የሚከተል ውጤት ይሆናል።

1. ማለስለስ። ገጹ በብርጭቆ ወረቀት፣ በቅድሚያ በቁጥር 120፣ ቀጥሎ በ150 ወይም በ180፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይፈተጋል። ከመጠን በላይ ማለስለስ የእንጨቱን ቀዳዳዎች በዱቄት ስለሚደፍን ዘይቱ እንዳይገባ ያደርጋል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል። በውኃው የሚቆሙት የእንጨት ፀጉሮች ሲደርቁ እንደገና በስሱ ይፈተጋሉ። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው የውኃ ጠብታ ገጹን ያሻክረዋል።

2. መቀባት። ዘይቱ ባልጎፈረ የጥጥ ጨርቅ ይቀባል። የእንጨቱ የተቆረጡ ጫፎችና በዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ዙሪያ ያለው ቁርጥ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። በሕይወት ሳለ ውኃ ያመላለሱት ቱቦዎች የሚከፈቱት በእነዚህ ጫፎች ስለሆነ ውኃን ከገጹ እጅግ አብልጠው ይጠጣሉ። መጠጣታቸውን እስኪያቆሙ ደጋግሞ መቀባት ያስፈልጋል። የጠረጴዛው የታችኛው ፊትም ይቀባ፤ አንዱ ፊት ብቻ ከተቀባ እርጥበት በሌላው በኩል በፍጥነት ይገባና ጠረጴዛው ይጣመማል።

3. መጥረግ። ዋናው ምስጢር ይህ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በእንጨቱ ያልተጠጣው ዘይት በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ ተደርጎ ይጠረጋል። የምንፈልገው ከእንጨቱ በላይ የሚንሳፈፍ ሳይሆን በእንጨቱ ውስጥ የሚጠጥር ዘይት ነው።

4. መጠበቅና መድገም። አየር በሚዘዋወርበትና ሞቃት በሆነ ቦታ ይቆያል። የሚቀጥለው ቅብ የሚደረገው የቀደመው እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ነው። ለአዲስ ጠረጴዛ ሦስት ወይም አራት ስስ ቅቦች ይበቃሉ። በዚህ ወቅት የሚሸተው ሽታ በአብዛኛው ሃይድሮፐሮክሳይዶች ሲፈርሱ ከሚወጡ ፕሮፓናልና ሄክሳናል ከመሳሰሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ነው። ሽታው መጥፋቱ ለውጡ ወደ ማብቂያው መቃረቡን ይጠቁማል። ገጹ ቢደርቅም መረቡ ሙሉ ጥንካሬ እስኪያገኝ ሦስትና አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያው ድረስ የረጠበ ዕቃ አይተውበት።

5. መንከባከብ። ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎ ማየት ቀላል መመርመሪያ ነው። ውኃው ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ሽፋኑ ይሠራል፤ ተዘርግቶ እንጨቱን ካጠቆረ አንድ ስስ ቅብ መጨመር ያስፈልጋል። ጽዳቱ በለስላሳ ሳሙና ይሁን። የጠጠረውም ዘይት ቢሆን የግሊሰሮልና የፋቲ አሲድ ትስስሮቹ እንዳሉ ናቸውና እንደ በረኪና ያሉ ጠንካራ አልካሊ ነገሮች ወደ ሳሙናነት ይለውጡታል። የረጠበ የብረት ድስትም አይቀመጥበት። ብረቱ እንደ ኦክ ባሉ ታኒን የበዛባቸው እንጨቶች ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋሕዶ ጥቁር ነጠብጣብ ይፈጥራል።

ያለ ክብሪት የሚነሣ እሳት

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ጉዳይ ደርሰናል። ዘይት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ይወጣል። በጠረጴዛ ላይ በስሱ የተዘረጋ ዘይት ሙቀቱን ወዲያው ለአየር ያስረክባል፤ ማንም አያስተውለውም። የተቀባበት ጨርቅ ተጨምድዶ ሲጣል ግን ነገሩ ይለወጣል። የጥጥ ክሮች ለዘይቱ እጅግ ሰፊ ገጽ ይሰጡታል፤ አየርም በመካከላቸው አለ። ሙቀቱ ግን መውጫ የለውም።

ጂኦሜትሪው ግልጽ ነው። የሚመነጨው ሙቀት ከክምሩ ይዘት ጋር ያድጋል፤ የሚወጣው ሙቀት ግን ከገጹ ስፋት ጋር። ጎኑ 2 ሳንቲሜትር የሆነ ኩብ ለእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ኩብ ይዘቱ 3 ሳንቲሜትር ካሬ ገጽ አለው። ጎኑ 20 ሳንቲሜትር ሲሆን ግን 0.3 ብቻ ይቀረዋል። የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ደግሞ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ሙቀት ለውጡን ያፋጥናል፤ የፈጠነው ለውጥ ሙቀት ይጨምራል። ክምሩ በሰዓታት ውስጥ ጨርቁ ከሚቀጣጠልበት ሙቀት ሊደርስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1991 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ በሚባል ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ 22ኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። መንሥኤው እንጨት ለማደስ ጥቅም ላይ ውለው የተተዉ የተልባ ዘይት የነካቸው ጨርቆች ነበሩ። ቃጠሎው ከ18 ሰዓት በላይ ቀጠለ፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሕይወታቸውን አጡ። እሳቱ የቆመው 30ኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ በዚያ ተተክለው የነበሩ አሥር የውኃ መርጫዎች ተከፍተው ነው። በሙቀጫ ፊት አቅመ ቢስ የተባለችው ተልባ ይህን አደረገች።

መከላከያው እጅግ ቀላል ነው። ዘይት የነካውን ጨርቅ ከቤት ውጭ፣ ሳይታጠፍ፣ አንድ በአንድ ዘርግቶ እስኪጠጥር ማድረቅ፤ ወይም ውኃ በተሞላ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ መንከር። ጨምድዶ ከቆሻሻ ጋር መጣል፣ በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ፣ በጥግ መከመር ፈጽሞ አይገባም። የኑግና የሱፍ ዘይት የጠጡ የወጥ ቤት ጨርቆችም በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው፤ በተለይ ትኩስ እንደሆኑ መከመር የለባቸውም።

በቤተ ሙከራ የሚሠራ ሙከራ

በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሚሊግራም የሚለይ ሚዛን ካለ የሚከተለውን መሞከር ይቻላል። ጎናቸው 10 ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት የመስተዋት ቁራጮች ታጥበው ደርቀው ይመዘኑ። በአንዱ የተልባ፣ በሁለተኛው የኑግ፣ በሦስተኛው የወይራ ዘይት 0.2 ግራም ያህል ይቀባና እንደገና ይመዘን። የቅቡ ውፍረት 0.02 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። አቧራ በማይደርስበት፣ ብርሃንና አየር ባለበት ቦታ አስቀምጦ በየቀኑ ክብደቱን መመዝገብና ጥጉን በጣት መንካት ነው። የተልባው ክብደት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እምብዛም ላይለወጥ ይችላል፤ ከዚያ በፍጥነት ይጨምራል። የወይራው ለውጥ ግን በሳምንታትም አይታይ ይሆናል። ውጤቱን በግራፍ ያስቀመጠ ተማሪ በዓይን የማይታየውን ኦክስጅን በቁጥር አይቶታል።

መደምደሚያ

የእንጨት ጠረጴዛ የሚያምረው ብዙ ዘይት ስለጠጣ አይደለም። የጠጣው ዘይት አየር አግኝቶ ስለጠጠረ ነው። ድርብ ቦንዱ የበዛ ዘይት መምረጥ፣ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ትርፉን መጥረግና መታገሥ፣ ጨርቁንም ዘርግቶ ማድረቅ የአንድ እውቀት አራት ገጽታዎች ናቸው። እኛ ይህን ለመማር አንድ ጠረጴዛ መፋቅ ነበረብን። አንባቢዎቻችን በዚህ ብቻ ቢያተርፉ ደስ ይለናል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ስፋቱ 45 ሳንቲሜትር የሆነ የቢች ጠረጴዛ እርጥበቱ በ3 በመቶ ቢጨምር በስንት ሚሊሜትር ይሰፋል?
2. የተንግ ዘይት የአዮዲን ቁጥሩ ከተልባ ያነሰ ሆኖ ሳለ ፈጥኖ የሚጠጥረው ለምንድን ነው?
3. በፈሳሽ ፓራፊን የራሰ ጨርቅ በራሱ የማይቀጣጠልበትን ምክንያት በድርብ ቦንድ አስረዱ።
4. አንድ ዘይት የነካው ጨርቅ ተዘርግቶ ሲሰቀል የማይነደው፣ ተከምሮ ሲተው ግን የሚነደው ለምንድን ነው? የገጽንና የይዘትን ጥምርታ ተጠቅማችሁ መልሱ።